ወዳጁን ሊጠይቅ ሄዶ የመኪና ማቆሚያ መቀጫ የደረሰበት ሰው ይግባኝ ስለሚልበት ሥርዓት

ልጁን፣ እኅቱን ወይም አብሮ አደጉን ለመጠየቅ ወደ ለንደን የሚሄድ የአገራችን ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም። እዚያው የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም በዕረፍት ቀን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሄዳቸውን፣ ለክርስትናው፣ ለሰርጉና ለለቅሶው መሰብሰባቸውን አልተዉም። በዚህ መካከል ብዙ ሰው የሚገጥመው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ፣ ተመራርቆ ሲወጣ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ በላስቲክ የታሸገ የመቀጫ ወረቀት ተለጥፎ ማግኘቱ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ደንግጦ ያለ ምንም ጥያቄ ይከፍላል። ሌላው ተናዶ ይቀድና ይጥለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ባለቤቱን ላለማሳፈር ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ ዝም ይላል። ሦስቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው፤ ከሁሉም የከፋው ግን፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ የዝምተኛው ነው።

የእንግሊዝ አገር ሕግ ለተቀጪው ያዘጋጀው የአቤቱታና የይግባኝ ሥርዓት በደረጃና በቀን የተለካ ነው። እርሱን በዝርዝር መግለጽ ወደዚያ ለሚሄደውና እዚያ ዘመድ ላለው ሰው እንደሚጠቅም የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ በየማዘጋጃ ቤቱ መቀጫ የሚወስኑና የሚያስከፍሉ ሹማምንት፣ ቀጪው ራሱ ዳኛ እንዳይሆን በሌላ አገር ምን እንደ ተደረገ ቢያዩ መልካም ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ስለ እንግሊዝ አገር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በለንደን ለማቆሚያ የሚከፈለውን ሒሳብ የሚቆጥር መሣሪያ መጀመሪያ በሜይፌር ሰፈር የተተከለው በ1958 ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1960፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ዘቦች ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው የመቀጫ ወረቀት የተለጠፈው፣ ልቡን የታመመ ሰው ለመርዳት ወደ አንድ ሆቴል በገባ ሐኪም መኪና ላይ ነበር። መቀጫው 2 ፓውንድ ነበር፤ ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ስለ ጮኸ ሐኪሙ ሳይከፍል ቀረ። እንግዲህ በዚያ ከተማ የመቀጫውና የአቤቱታው ታሪክ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው ለማለት ይቻላል።

በዚያን ዘመን መኪናን በተከለከለ ቦታ ማቆም የደንብ መተላለፍ ወንጀል ሆኖ በፖሊስና በፍርድ ቤት የሚታይ ነበር። በ1991 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ግን ጉዳዩን ከወንጀል አውጥቶ፣ ለንደን ውስጥ ካውንስል ለሚባሉት የየአውራጃው ማዘጋጃ ቤቶች አስረከበ። ከመጋቢት 31 ቀን 2008 ጀምሮ ደግሞ በ2004 የወጣው የትራፊክ አስተዳደር ሕግ ተተካ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ከካውንስል የማቆሚያ መቀጫ ሲደርሰው ወንጀለኛ ተባለ ማለት አይደለም፤ ከመንጃ ፈቃዱም ላይ ነጥብ አይያዝበትም። የሚጠየቀው ገንዘብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪውን የሚቀጥረው፣ ወረቀቱን የሚያስለጥፈው፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና የመጀመሪያውን አቤቱታ የሚሰማው አንዱ ካውንስል ነው። ከመንገድ ዳር ማቆሚያ የሚገኘው ትርፍ በ1984 ሕግ መሠረት ለመንገድና ለመጓጓዣ ለመሳሰለው ሥራ እንዲውል መታዘዙ እውነት ነው፤ ቢሆንም ገንዘቡን የሚቀበል ሰው ስለ ገንዘቡ ሲፈርድ ሚዛኑ ወደ ራሱ ማዘንበሉ አይቀርም። ሕግ አውጪዎቹ ይኸን ስላወቁ ከካውንስሉ በላይ ነጻ ዳኛ አስቀምጠዋል። ወደ እርሱ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን እንግዳው እንዴት እንደሚሳሳት እንመልከት። በለንደን ብዙ የመኖሪያ ሰፈር የማቆሚያ ቁጥጥር ያለበት ነው። ወደ ሰፈሩ በሚገባበት መንገድ አፍ ላይ የቁጥጥሩን ቀንና ሰዓት የሚናገር ምልክት ተተክሏል። ከዚያ በኋላ በውስጥ ባሉት መንገዶች በየመቶ እርምጃው እንደገና አይጻፍም። በመንገዱ ጠርዝ ያለው ነጠላ ቢጫ መስመር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ያን በመግቢያው ላይ የቀረውን ምልክት ነው። በነጭ የተሰመሩት ማቆሚያዎች ግን የየራሳቸው ሰሌዳ በአጠገባቸው አላቸው። አንዱ ሰፈር ከጠዋት እስከ ማታ ይቆጣጠራል፤ ሌላው ባቡር ተሳፋሪዎች መኪናቸውን ትተው እንዳይሄዱ ብቻ ብሎ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይከለክላል። ቅዳሜ የሚቆጣጠር አለ፤ የማይቆጣጠርም አለ። እንደ አርሴናል ሜዳና እንደ ዌምብሌ ባሉት ስፍራዎች አካባቢ ደግሞ ጨዋታ ባለበት ቀን የተለየ ሰዓት ይጸናል። «ትናንት እዚሁ አቁሜ ምንም አልተባልሁም» የሚለው ክርክር ዋጋ የሌለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ብቻ የሚወድቁበት አንድ ጕድጓድ አለ። ባለቤቱ በስልክ በአማርኛ «እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ማቆም ትችላለህ» ሲል፣ በሐሳቡ በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩልን ማለቱ ይሆናል፤ በሰሌዳው ላይ ግን የተጻፈው 8:30 ነው። እንግዳው ደግሞ ዘመዱ የፈረንጁን ሰዓት የነገረው መስሎት እስከ ቀትር በኋላ ያቆማል። ለንደን ከቆዩት ሰዎች አንዳንዶቹ በፈረንጅ፣ አንዳንዶቹ በሐበሻ ሰዓት ስለሚናገሩ፣ ሰዓቱን ከሰው አፍ ከመቀበል ከሰሌዳው ላይ ማንበብ ይሻላል። ይኸ ስሕተት የሚያሳዝን ቢሆንም ይግባኝ አያስረታም።

እንግዳ በነዋሪ ማቆሚያ ውስጥ ለማቆም የሚችለው በእንግዳ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ከካውንስሉ የሚገዛው ነዋሪው ራሱ ነው፤ እንግዳው ከመንገድ ላይ አያገኘውም። በአንዳንዱ አውራጃ ፈቃዱ ወረቀት ሲሆን፣ ወሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንደሚፋቅ ሎተሪ ተፍቆ፣ ከውጭ እንዲነበብ ሆኖ ከፊት መስታወቱ በስተ ውስጥ ይቀመጣል። በሌላው አውራጃ ወረቀቱ ቀርቶ ነዋሪው በስልኩ የእንግዳውን ታርጋ ያስመዘግባል። ከወረቀቱ ጋራ የተያያዙት ስሕተቶች የታወቁ ናቸው፤ ቀኑን ፍቆ ወሩን መርሳት፣ በር ሲዘጋ ነፋስ ወረቀቱን ገልብጦ መጣሉ፣ የአንዱን አውራጃ ፈቃድ በሌላው አውራጃ መጠቀም። በስልክ ሲሆን ደግሞ ታርጋው ላይ ያለውን የዜሮ ቍጥርና የ«ኦ»ን ፊደል ማለዋወጥ ነው። እንግዳው ሲደርስ ሰላምታው፣ የቤተ ሰቡ ጤንነት፣ ምሳው ይቀድማል፤ ፈቃዱ የሚታወሰው ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ተቆጣጣሪው ግን በዚያ መካከል አልፎ ይሄዳል።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል። የሚነሣውም መኪናው ከነቆመበት መስመር፣ በአጠገቡ ያለው ሰሌዳ፣ ሰሌዳው በዛፍ ተሸፍኖ ወይም ተቀዶ እንደ ሆነ ያው ሁኔታው፣ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ፈቃድ፣ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባውም ምልክት ጭምር ነው። ቅጠል የጋረደው ሰሌዳ ከሳምንት በኋላ ቅጠሉ ተቆርጦለት ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ የወረቀቱን ጽሑፍ በጥንቃቄ ማንበብ ነው። ታርጋው፣ የመንገዱ ስም፣ ቀኑ፣ ተቆጣጣሪው መኪናውን ያየበት ሰዓትና የጥፋቱ ቍጥር መመርመር አለባቸው። ለምሳሌ ቍጥር 12 በነዋሪ ማቆሚያ ያለ ፈቃድ ማቆም ነው፤ ቍጥር 19 ግን ፈቃድ ኖሮ ፈቃዱ የማይጸና ወይም ጊዜው ያለፈበት ሲሆን የሚጻፍ ነው፤ መቀጫውም ያነሰ ነው። ሰዓቱ ያለፈበትን ፈቃድ ላሳየ ሰው 12 ተጽፎበት እንደ ሆነ ይኸ ራሱ መከራከሪያ ይሆናል። ተቆጣጣሪው ያነሣቸውን ፎቶግራፎችም በወረቀቱ ቍጥርና በታርጋው አማካይነት በካውንስሉ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለማየት ይቻላል።

በወረቀቱ ላይ ያለ የጽሑፍ ጕድለት ቀላል ነገር አይደለም። በ2006 የለንደኑ ባርኔት ካውንስል ያስለጠፈው የመቀጫ ወረቀት ጥፋቱ የተፈጸመበትን ቀን እንጂ ወረቀቱ የተሰጠበትን ቀን አልያዘም ተብሎ ተከራካሪው በረታ ጊዜ፣ ካውንስሉ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸንፏል። ሁለቱ ቀኖች አንድ ናቸው፤ ማንንም አልጐዳም የሚለው መልስ አልተሰማለትም። ሕግ ይጻፍ ያለው ሊጻፍ ይገባዋል ነው የተባለው።

ወደ ቀኖቹ ቍጥር እንምጣ። ለንደን ውስጥ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከፍተኛው የማቆሚያ መቀጫ 160 ፓውንድ ነው፤ እንደ አውራጃውና እንደ ጥፋቱ ከዚህ የሚያንስም አለ። በ14 ቀን ውስጥ የከፈለ ሰው እኩሌታውን፣ ማለት 80 ፓውንድ ብቻ ይከፍላል። ወረቀቱ የተለጠፈበት ቀን ራሱ አንደኛ ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ብዙ ሰው አቤት ቢል ይኸን የእኩሌታ ዕድል የሚያጣ እየመሰለው ይከፍላል። ነገር ግን የመጀመሪያው አቤቱታ በ14ቱ ቀን ውስጥ ለካውንስሉ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ካውንስሉ አቤቱታውን ባይቀበል እንኳ የእኩሌታውን ክፍያ እንደገና እንዲፈቅድ የመንግሥቱ መመሪያ ይመክራል፤ አብዛኞቹ ካውንስሎችም ይኸንኑ ያደርጋሉ። እንግዲህ በ14ቱ ቀን ውስጥ አቤት ማለት ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ድካም በቀር ኪሳራ የለበትም። ከፍሎ አቤት ማለት ግን አይቻልም፤ ክፍያው ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ስለ ደብዳቤው አጻጻፍ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የእኛ ሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ልማዱ ሌላ ነውና። በአገራችን የቆየው ሥርዓት በትሕትና መጀመር፣ ድኽነትንና የቤተ ሰብን ብዛት መዘርዘር፣ በመጨረሻም ምሕረት መለመን ነው። ለንደን ያለው የካውንስል ጸሐፊ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሲደርሰው ክፋት ኖሮት ሳይሆን የሚይዘው ነገር አጥቶ ያልፈዋል። እርሱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ሆነ፣ ስለ ምን መቀጫው አይገባም፣ ማስረጃው ምንድር ነው። ስለዚህ ደብዳቤው (በእንግሊዝኛ ተጽፎ) ይኸን ያኽል ቢሆን ይበቃል፤ «የወረቀቱ ቍጥር ይኸ ነው፤ የመኪናው ታርጋ ይኸ ነው። በዚህ ቀን በዚህ መንገድ ላይ ወዳጄን ለመጠየቅ አቁሜ ነበር። ወዳጄ በዚሁ ቀን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት የሚጸና የእንግዳ ፈቃድ ሰጥቶኝ መስታወቱ ሥር አስቀምጫለሁ። በሩ ሲዘጋ ወረቀቱ ወደ ወንበሩ ወድቆ ተገኝቷል። የፈቃዱን ወረቀት ፎቶግራፍና የነዋሪውን የምስክርነት ቃል አያይዣለሁ። መቀጫው እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።» ተቆጣጣሪውን መስደብ ወይም ዘሩን እየጠቀሱ መጠርጠር ነገሩን ከማበላሸት በቀር አይጠቅምም።

በዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የወደቀው ፈቃድ በሕጉ ቃል ሲታይ ጥፋት ነው፤ ሕጉ ፈቃዱ በግልጽ ይታይ ይላልና። ካውንስሉ የሚሰርዘው በሕግ ተረትቶ ሳይሆን ሰውየው ፈቃድ የነበረው መሆኑን አይቶ ነው። ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ እንደ ሆነ ይተዋሉ፤ ግዴታ ግን የለባቸውም። የዜሮና የ«ኦ» ስሕተትም እንዲሁ ነው። ከዚህ የተለየና በመብት የሚያስረታው፣ ጥፋቱ አለመፈጸሙን፣ የመንገዱ ምልክት ጕድለት ያለበት መሆኑን፣ የተጠየቀው ገንዘብ ከሚገባው በላይ መሆኑን፣ መኪናው ተሰርቆ የነበረ መሆኑን፣ ወይም ካውንስሉ ራሱ ሥነ ሥርዓቱን ማፍረሱን ማስረዳት ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በተፈቀደ ማቆሚያ ውስጥ የቆመ መኪና የተፈቀደለት ጊዜ ካለፈ በኋላ 10 ደቂቃ ይታገሡታል፤ በዚያ ውስጥ የተለጠፈ መቀጫ አይጸናም። ይኸ ትዕግሥት በቢጫ መስመር ላይ ለቆመ ሰው አልተሰጠም።

የመጀመሪያው አቤቱታ ካልተሳካና ገንዘቡም በ28 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ካውንስሉ ለመኪናው ባለቤት የሚላከውን ማስታወቂያ ይልካል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። የሚጠየቀው መኪናውን የነዳው ሰው ሳይሆን ባለቤቱ፣ ማለት በመንግሥቱ መዝገብ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው። እንግዳው የወዳጁን መኪና ተውሶ ሌላ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ከተቀጣና ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ፣ ከሳምንታት በኋላ ማስታወቂያው የሚደርሰው ምንም ያላወቀው ወዳጁ ነው፤ የእኩሌታው ክፍያ ዕድል ያን ጊዜ አልፏል፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣም የለም። «ነጂው እኔ አልነበርሁም፤ እንግዳዬ ነው» የሚለው መልስ ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። ባለቤቱን ላለማስቸገር ተብሎ የተደረገው ዝምታ ከ80 ፓውንድ ወደ 160 ያደርሰዋል ማለት ነው። መኪናው የኪራይ እንደ ሆነ አከራዩ ድርጅት ተከራዩ በፈረመው ውል መሠረት ኃላፊነቱን ወደ ተከራዩ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ወይም ከፍሎ ከነአገልግሎት ዋጋው ከተከራዩ ይቀበላል። በዚህ ጊዜ የአቤቱታው ዕድል እንዳያመልጥ አስቀድሞ ለአከራዩ መንገር ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው ሲደርስ ባለቤቱ በ28 ቀን ውስጥ መደበኛ መቃወሚያ ያቀርባል። በፖስታ የተላከ ማስታወቂያ ከተላከ ከ2 የሥራ ቀን በኋላ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። መቃወሚያው የባለቤቱ እንጂ የእንግዳው አይደለም፤ እንግዳው ግን የምስክርነት ቃሉን ጽፎ ሊሰጠው ይችላል፤ ይገባልም። ካውንስሉ በ56 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ መቃወሚያውን እንደ ተቀበለ ተቆጥሮ መቀጫው ይሰረዛል። አልቀበልም ካለም ምክንያቱን ጽፎ መስጠት አለበት፤ ከመልሱም ጋራ ወደ ዳኛ እንዴት ይግባኝ እንደሚባል የሚያስረዳ ጽሑፍ ይልካል።

ይግባኙ የሚቀርበው እንደገና በ28 ቀን ውስጥ ነው። ለንደን ውስጥ ለንደን ትሪቡናልስ ወደሚባለው፣ ከለንደን ውጭ ባለው የእንግሊዝ አገር ደግሞ ትራፊክ ፔናልቲ ትሪቡናል ወደሚባለው ጉባኤ ይቀርባል። ለይግባኙ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ዳኞቹ የካውንስሉ ሠራተኞች ሳይሆኑ ቢያንስ የ5 ዓመት ብቃት ያላቸው የሕግ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ በጽሑፍ ብቻ፣ በስልክ ወይም ፊት ለፊት ሊሰማ ይችላል፤ ተከራካሪው ጠበቃ መያዝ አያስፈልገውም፤ ቢፈልግ ግን ወዳጁን ስለ እኔ ተናገርልኝ ብሎ ሊወክል ይችላል። የተሸነፈ ሰው የካውንስሉን ወጪ እንዲከፍል የሚታዘዘው ክርክሩ ፍጹም ከንቱ ወይም ለማስቸገር ብቻ የቀረበ ሲሆን ነው፤ ይኸም እምብዛም አይደርስም። ይግባኙ ከቀረበ በኋላ ካውንስሉ ማስረጃውን አዘጋጅቶ ከመላክ ይልቅ ክርክሩን የሚተውበት ጊዜም አለ። ዳኛው በሕግ መፍረድ ያልቻለበት ነገር ግን የሚያሳዝን ሁኔታ ሲያጋጥመው፣ ለምሳሌ በሽታ በድንገት የደረሰበት እንግዳ ሲሆን፣ ካውንስሉ እንደገና እንዲያስብበት ሊመልስለት ይችላል፤ ካውንስሉም በ35 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው ሌላ አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቍጥር 1183 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን በጽሑፍና በምክንያት አስደግፈው እንዲሰጡ፣ ቅሬታም እንዲሰሙ፣ በውሳኔውም ያልረካ ሰው ፍርድ ቤት ለመሄድ እንዲችል ደንግጓል። ይኸ አዋጅ የታወጀው በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ላይ ቢሆንም፣ በከተማ መቀጫ የሚጽፍ ማናቸውም ባለሥልጣን ሦስት ነገር ቢያደርግ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ይኸውም ሰሌዳው በግልጽ መተከሉን ሳያረጋግጥ አለመቅጣት፣ በመቀጫው ወረቀት ላይ አቤት የሚባልበትን ቦታና ቀን መጻፍ፣ ለአቤቱታውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ መስጠት ነው። «ነገ ና» ማለት መልስ አይደለም።

ወደ ለንደኑ ጉዳይ እንመለስና፣ ባለቤቱ ለማስታወቂያው ዝም ቢል ምን ይሆናል? መቀጫው በእኩሌታ ይጨመርበታል፤ 160 የነበረው 240 ፓውንድ ይሆናል። ይኸም በ14 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ዕዳው በኖርዛምፕተን በሚገኘው ማዕከል በፍርድ ቤት ይመዘገባል። የምዝገባው ትእዛዝ ሲደርሰው ባለዕዳው 21 ቀን አለው። ማስታወቂያው ያልደረሰው፣ ወይም መቃወሚያ አቅርቦ መልስ ያላገኘ ሰው በዚህ ጊዜ በእውነት መሐላ ያኽል የሚቆጠር የምስክርነት ቃል በቅጹ ላይ ሞልቶ ሊልክ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለስለታል። ይኸ መንገድ ቤት ለቀየሩና ደብዳቤ ወደ ቀድሞ አድራሻቸው ለሄደባቸው ሰዎች እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሐሰት መጻፍ ግን ያስቀጣል። ከዚህም ካለፈ በኋላ የሚመጣው፣ ቤሊፍ የሚሉት የዕዳ አስፈጻሚ ነው፤ እርሱም የራሱን ዋጋ በዕዳው ላይ እየጨመረ ይሄዳል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ካውንስል መቀጫ ነው። ወዳጁ የሚኖረው በሕንጻዎች መካከል የግል ግቢ ባለበት ስፍራ እንደ ሆነ ግን ወረቀቱን የሚለጥፈው የግል ድርጅት ይሆናል። ሁለቱ ወረቀቶች ሆን ተብሎ እስኪመስል ድረስ ይመሳሰላሉ። የግሉ ወረቀት ግን በሕግ ቅጣት አይደለም፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ውል አፍርሰሃልና ክፈል የሚል የድርጅቱ ጥያቄ ነው። ይኸን ያወቁ ሰዎች ለብዙ ዘመን «ጣለው፤ ምንም አያደርጉህም» ይሉ ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። ምክሩ ግን ጊዜው አልፎበታል። በ2012 የወጣው ሕግ በግል መሬት ላይ መኪናን በብረት ማሰርን ቢከለክልም፣ ነጂው ያልታወቀ እንደ ሆነ ድርጅቱ በመዝገብ የተጻፈውን ባለመኪና እንዲጠይቅ ፈቅዶለታል። በኅዳር 2015ም የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት፣ በቼልምስፎርድ ከተማ የገበያ ግቢ ከተፈቀደለት ሁለት ሰዓት በላይ 56 ደቂቃ በቆየ መኪና ላይ የተጠየቀው 85 ፓውንድ የተጋነነ አይደለም፤ ይከፈላል ብሎ ፈርዷል።

በግል ግቢ የተቀጣ እንግዳ በመጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ቀጥሎም ድርጅቱ አባል ለሆነበት ማኅበር ይግባኝ ሰሚ አቤት ይላል፤ ፖፕላ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ያለው በወዳጁ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እርሱም የቤቱ የኪራይ ወይም የይዞታ ውል ነው። ውሉ ነዋሪውና እንግዶቹ በግቢው መግባትና መውጣት እንዲችሉ መብት የሰጠ እንደ ሆነ፣ በኋላ የመጣ የማቆሚያ ድርጅት ሰሌዳ ተክሎ ያን መብት ለማጥበብ አይችልም። በ2016 በኦክስፎርድ የካውንቲ ፍርድ ቤት የቀረበው ጉዳይ ይኸው ነበር። አንዲት ነዋሪ ጠረጴዛ ለማስገባት በሕንጻው በር ላይ መኪናዋን ለጥቂት ጊዜ ብታቆም ድርጅቱ ገንዘብ ጠየቃት። ዳኛው ዕቃ ለማውረድ ለጥቂት ደቂቃ መቆም መኪና ማቆም አይባልም፤ የሰሌዳውም ቃል በውሏ ያገኘችውን መብት አይሽርም ብሎ ለእርሷ ፈረደላት።